የራሱ ድምፅ የሌለው መሣሪያ

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉም ስለ ቤት ውስጥ የሙዚቃ ማዳመጫ መሣሪያ የቀረቡ ናቸው። ከተለያዩ አንባብያን የመጡ ቢሆኑም አንዱ የሌላውን መልስ ስለሚነካ በአንድ ላይ አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ ለዓመታት የነበረኝን ስፒከር በቅርቡ ቀየርኩ። አዲሱ ባለሙያዎች «ገለልተኛ ድምፅ አለው» እያሉ የሚያመሰግኑት ነው። ቤት አምጥቼ ስከፍተው ግን ከአሮጌው ይልቅ ደረቅ ሆነብኝ፤ አንዳንዱ ዘፈን እጅግ ያምራል፣ ሌላው ደግሞ ለጆሮ ይከብዳል። ማታ ዝቅ አድርጌ ስከፍተውማ ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ጭራሽ ይጠፋል። ለመሆኑ ገለልተኛ ማለት ምን ማለት ነው? ተፈጥሯዊ ከሚባለው ድምፅስ ይለያል ወይ?

መልስ፦ ሁለቱ ቃላት በሻጭም በገዢም አፍ እየተቀያየሩ ስለሚነገሩ አንድ ይመስላሉ እንጂ የሚገልጹት ነገር ይለያያል። ገለልተኛነት የመሣሪያው ጠባይ ነው፤ የተላከበትን ቃል ሳይጨምርና ሳይቀንስ የሚያደርስ፣ ላኪው ያላለውን «ብሏል» የማይል መልእክተኛ እንደ ማለት ነው። ተፈጥሯዊነት ግን የጆሮ ፍርድ ነው፤ ዓይንዎን ጨፍነው ሲያዳምጡ ዘፋኙ ሳጥን ውስጥ የተዘጋበት ሳይሆን ከፊት ለፊትዎ የቆመ ከመሰለዎት ድምፁ ተፈጥሯዊ ነው ይላሉ። ገለልተኛ መሣሪያ ተፈጥሯዊ ድምፅ ሊያሰማ የሚችለው ቀረጻው መጀመሪያውኑ ተፈጥሯዊ ሆኖ ከተሠራና የሚያዳምጡበት ክፍል ካላበላሸው ብቻ ነው።

ገለልተኛነት በመሣሪያ ሊለካ ይችላል። ጤናማ የወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ (በሴኮንድ የሚቆጠር ንዝረት) ያለውን ድምፅ ይሰማል። በዚህ ስፋት ውስጥ ያሉት ድግግሞሾች በሙሉ በእኩል ጉልበት ገብተው በእኩል ጉልበት ከወጡ፣ ውጤቱ በግራፍ ሲሣል ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። ደኅና የሚባል የዘመኑ አምፕሊፋየር (ድምፁን አጉልቶ ወደ ስፒከር የሚልከው መሣሪያ) ከዚህ መስመር የሚያፈነግጠው ከአንድ ዴሲቤል (የድምፅ ጉልህነት መለኪያ) ባነሰ ነው። ደኅና የሚባል ስፒከር ወደ ላይም ወደ ታችም 3 ዴሲቤል ያህል ቢያፈነግጥ ማንም አይደነቅም። ክፍልዎ ግን በቤዙ በኩል መስመሩን በ10 ዴሲቤልና ከዚያም በላይ ሊያጣምመው ይችላል፤ 10 ዴሲቤል ደግሞ ጆሯችን «ድምፁ በእጥፍ ጨመረ» ብሎ የሚቆጥረው ልዩነት ነው። እንግዲህ አብዛኛው ሰው በመጀመሪያ ስለ አምፕሊፋየር፣ ቀጥሎ ስለ ስፒከር፣ በመጨረሻም ትዝ ካለው ስለ ክፍሉ ሲጨነቅ፣ ጭንቀቱ ከጥፋቱ ልክ ጋር በተገላቢጦሽ የተሰለፈ ነው።

«አንዳንዱ ያምራል፣ ሌላው ይከብዳል» ያሉትን እኔ እንደ ቅሬታ አላነበብኩትም፤ እንደ ምስጋና እንጂ። የራሱ ቀለም ያለው መሣሪያ በሁሉም ቀረጻ ላይ ያንኑ ቀለም ስለሚቀባ ዘፈኖቹ ሁሉ የአንድ ቤት ልጆች ይመስላሉ። ገለልተኛው ግን በጥንቃቄ የተቀረጸውንና በችኮላ የተቀረጸውን ለይቶ ያሳይዎታል። አሮጌው ስፒከርዎ ምናልባት ቤዙንና ትሬብሉን (ቀጭኑን ድምፅ) ከፍ፣ የሰው ድምፅ ያለበትን መካከለኛውን ክፍል ዝቅ አድርጎ የሚያሰማ ዓይነት ይሆናል። እንዲህ ያለው አሠራር በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ልብ ይሰርቃል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ጆሮ ይደክማል፣ ዘፋኙም ከሙዚቃው ጀርባ እንደቆመ ይቀራል። ጆሮ የለመደውን ትክክል ነው ብሎ ስለሚይዝ፣ በአዲሱ ስፒከር ላይ ከመፍረድዎ በፊት አንድ ሁለት ሳምንት ያዳምጡት።

ማታ ቤዙ የመጥፋቱ ምክንያት ከመሣሪያው ይልቅ ጆሮዎ ነው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ የቤል ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች በ1933 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት፣ የሰው ጆሮ ድምፅ ዝቅ ባለ ቁጥር ወፍራሙን ድምፅ የመስማት ችሎታው ከመካከለኛው በበለጠ ፍጥነት ይቀንሳል። ቀረጻው ስቱዲዮ ውስጥ ሲቀናበር ከፍ ባለ ድምፅ እየተዳመጠ ስለሆነ፣ እርስዎ በሹክሹክታ ልክ ሲከፍቱት ቤዙ ከሚዛኑ ወርዶ ይሰማዎታል። በአሮጌ አምፕሊፋየሮች ላይ «ላውድነስ» የሚባለው ቁልፍ የተሠራው ይህንኑ ለማካካስ ነበር። አምፕሊፋየርዎ ቁልፉ ካለው ማታ ማታ ያለ ምንም ኀፍረት ይጠቀሙበት፤ ቀን ከፍ አድርገው ሲያዳምጡ ግን ማጥፋቱን አይርሱ።

«ገለልተኛ ድምፅ የባለሙያ ጣዕም ነው፣ ተራው ሰው ግን ያማረ ድምፅ ይወዳል» የሚል ክርክር ሲነሳም እሰማለሁ። ፍሎይድ ቱል የተባሉት ተመራማሪ በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ሳሉ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ባካሄዷቸው ሙከራዎች አድማጮች ስፒከሮቹን ሳያዩ ድምፃቸውን ብቻ ሰምተው ነጥብ ይሰጡ ነበር። በአብዛኛው የተመረጡት ስፒከሮች ፊት ለፊት ሲለኩ መስመራቸው ቀጥ ያለ፣ ወደ ጎን የሚረጩት ድምፅም ሳይንገጫገጭ ቀስ እያለ የሚቀንስ ነበሩ። ሰው የሚያዳምጠውን ዕቃ ካላየ፣ ምርጫው ከሚታሰበው በላይ ይቀራረባል። በኋላም ቱል ከሾን ኦሊቭ ጋር ሆነው በ1994 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ጥናት፣ ያው አድማጭ ያንኑ ስፒከር እያየ ሲያዳምጥ ነጥቡ እንደሚለወጥ አሳይተዋል። መጠኑም ውበቱም የታወቀው ስሙም ለጆሮ ይናገራሉ ማለት ነው።

ወደ ጎን ስለሚረጨው ድምፅ ጥቂት ልጨምር፤ ዝርዝር መግለጫ ወረቀት ላይ የማይጻፈው ዋና ነገር እዚህ ጋ ነውና። በክፍል ውስጥ ሲያዳምጡ ከስፒከሩ በቀጥታ የሚደርስዎት ድምፅ ከሁሉ ቀድሞ ቢመጣም፣ ቀሪው ብዙው ከግድግዳ፣ ከጣሪያና ከወለል ነጥሮ የሚመጣ ነው። የ3,000 ሄርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመቱ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። 16 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው የስፒከሩ ክፍል) ይህን ድምፅ ሲያወጣ እንደ ባትሪ መብራት ወደ ፊት ብቻ ያጠበዋል፤ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነው ቱዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል) ግን ያንኑ ድምፅ በሰፊው ይበትነዋል። አንዱ ለሌላው የሚያስረክብበት ቦታ በብልሃት ካልተመረጠ፣ ፊት ለፊት ሲለካ እንከን የማይወጣለት ስፒከር ወደ ግድግዳ የሚልከው ድምፅ የተቦጫጨቀ ይሆናል። እርስዎም ምክንያቱን ሳያውቁት «የሆነ ነገር ጎድሎታል» ይላሉ። ይህን ለመፈተን ሙዚቃው እየተጫወተ ከስፒከሩ ፊት ተነሥተው ወደ ጎን ቀስ እያሉ ይራመዱ። ድምፁ እየደበዘዘ ቢሄድ ጤናማ ነው፤ ዓይነቱ ድንገት ቢለወጥ ግን ስፒከሩ ችግር አለበት።

ጥያቄ፦ ቤዙ አንዳንድ ኖታ ላይ ብቻ ቤቱን ያናውጠዋል፣ ሌላው ላይ የለም። ሶፋዬ ከኋላ ግድግዳ ጋር የተጠጋ ነው። ሰብዉፈር (ለቤዝ ብቻ የሚሆን ስፒከር) ልጨምር ወይስ ኢኩዋላይዘር (የድምፅ ሚዛን ማስተካከያ) ልግዛ?

መልስ፦ ለጊዜው ምንም አይግዙ፤ ሶፋውን ያንቀሳቅሱት። ድምፅ በክፍል ሙቀት በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል ያለው ርቀት የአንድ ድምፅ የሞገድ ርዝመት ግማሽ ሲሆን፣ ያ ድምፅ በግድግዳዎቹ መካከል እየተመላለሰ ራሱን ያጎላል። 5 ሜትር ርዝመት ላለው ክፍል ይህ የሚሆነው በ34 ሄርዝ ላይ ሲሆን፣ ለ4 ሜትር በ43 ሄርዝ፣ 2.5 ሜትር ለሆነ ጣሪያ ደግሞ በ69 ሄርዝ አካባቢ ነው። አራት በአራት የሆነ ክፍል ጭንቅ የሚሆነው ርዝመቱም ወርዱም አንዱን ኖታ ተባብረው ስለሚያጎሉት ነው። እንዲህ የጎላ ድምፅ በግድግዳው ሥር ከሁሉ በላይ ይበረታል፤ የመጀመሪያው ሞገድ ደግሞ በክፍሉ መሐል ላይ ይጠፋል። እርስዎ ጀርባዎን ለግድግዳ ሰጥተው የተቀመጡት እንግዲህ ጉልበቱ በሙሉ የተከማቸበት ቦታ ላይ ነው። ሶፋውን አንድ ሜትር ያህል ወደ ፊት አምጡት፤ መሐል ለመሐል ግን አያድርጉት፣ እዚያ ደግሞ ተቃራኒው ችግር ይጠብቅዎታል።

ስፒከሩም ቢሆን ከግድግዳ ጋር የራሱ ጉዳይ አለው። ከኋላው ካለው ግድግዳ አንድ ሜትር ርቆ የቆመ ስፒከር ወደ ኋላ የለቀቀው ወፍራም ድምፅ ደርሶ ሲመለስ በ86 ሄርዝ አካባቢ ከፊተኛው ጋር ተጣልቶ ያጠፋዋል። ግማሽ ሜትር ቢሆን ጠቡ ወደ 170 ሄርዝ ይወጣል፤ ይህ የሰው ድምፅ ያለበት ቦታ ነው። ግድግዳውን እስኪነካ ቢጠጋ ደግሞ ቤዙ በአጠቃላይ ያብጣል፣ ማእዘን ውስጥ ሲገባም ይብሳል። ትክክለኛው ርቀት በቀመር ብቻ አይገኝም፤ እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ቤዙ ኖታ በኖታ የሚወጣና የሚወርድ አንድ ቀረጻ መርጬ እየደጋገምኩ እከፍታለሁ፤ ስፒከሮቹን አሥር አሥር ሴንቲ ሜትር እየገፋሁ፣ ቦታውን ወለሉ ላይ በወረቀት ማሸጊያ ቴፕ ምልክት አደርጋለሁ። ኖታዎቹ አንዱ ሳይጮህ፣ አንዱም ሳይዋጥ በተርታ የሚሰሙበት ቦታ ሲገኝ አቆማለሁ። ሰብዉፈር ካለዎት ነገሩን ይገልብጡት፤ ሰብዉፈሩን መቀመጫዎ ላይ አድርገው እርስዎ በግድግዳዎቹ ሥር በእጅና በእግርዎ እየዳኹ ያዳምጡ፣ ቤዙ እኩል ሆኖ የተሰማዎት ቦታ የሰብዉፈሩ ቦታ ነው። እንግዳ በሌለበት ሰዓት ቢያደርጉት ይመረጣል።

ኢኩዋላይዘር የሚረዳው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ያበጠውን ለመቀነስ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ የጠፋውን ለመሙላት ግን አይሆንም። ሁለት ሞገዶች እርስ በርስ ተጣልተው በሚጠፉበት ቦታ ላይ ድምፁን ቢጨምሩ የሚጣሉት ሁለቱም አብረው ይጨምራሉ። በዚያ ላይ 10 ዴሲቤል መጨመር ከአምፕሊፋየሩ አሥር እጥፍ ዋት መጠየቅ ነው፤ ስፒከር የሚቃጠለውም ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ነው።

ምንጣፍና መጋረጃን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ልስጥ። ስስ ምንጣፍና ስስ መጋረጃ የሚውጡት ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ስለሆነ፣ ክፍሉን በእነርሱ ብቻ የሞላ ሰው ከላይ የታፈነ፣ ከታች የሚያጉረመርም ድምፅ ያገኛል። ወፍራም ሶፋና በመጻሕፍት የተሞላ መደርደሪያ ከዚያ የተሻለ ያገለግላሉ። ድምፅ ወደ እርስዎ የሚነጥርበትን የግድግዳ ቦታ ለማግኘት ደግሞ፣ እርስዎ በመቀመጫዎ ላይ ሆነው ሌላ ሰው መስተዋት በጎን ግድግዳው ላይ እያንሸራተተ ይሂድ፤ ስፒከሩ በመስተዋቱ ውስጥ የታየዎት ቦታ ያ ነው።

ጥያቄ፦ ውድ ኬብል ድምፁን ይበልጥ ተፈጥሯዊ ያደርገዋል ወይ?

መልስ፦ አያደርገውም። 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ተራ የመዳብ ሽቦ ለ5 ሜትር ርቀት ሲዘረጋ ደርሶ መልስ ያለው ሬዚስታንስ (ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያለው ተቃውሞ) ከ0.1 ኦም በታች ነው፤ 8 ኦም ለሆነ ስፒከር ይህ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ከኬብሉ ዋጋ ይልቅ አሳሳቢው አገጣጠሙ ነው። ይህን የምለው ከራሴ ጥፋት ተምሬ ነው። አንድ ጊዜ ክፍል ካጸዳሁ በኋላ ስፒከሮቼን መልሼ ስገጥም ድምፁ ተለወጠብኝ፤ ቤዙ ሳሳ፣ ሁልጊዜ ከሁለቱ ስፒከሮች መሐል የምትቆመው ዘፋኝም የት እንዳለች የማይታወቅ ሆነች፤ ድምፅዋ ጭንቅላቴ ዙሪያ የሚንሳፈፍ ይመስል ነበር። አምፕሊፋየሩ አረጀ ብዬ ምሽቱን ሙሉ ስወቅሰው አመሸሁ። ለካ የአንዱን ስፒከር ቀይና ጥቁር ሽቦ አቀያይሬ ገጥሜው ኖሯል፤ አንደኛው ዉፈር ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይስብ ነበር ማለት ነው። በሽቦው ላይ ምልክት ከሌለ ከአምፕሊፋየሩ ነቅለው የ1.5 ቮልት ባትሪ ፖዘቲቩን በቀዩ፣ ኔጌቲቩን በጥቁሩ በኩል ለቅጽበት ያስነኩት፤ በሁለቱም ስፒከሮች ላይ ዉፈሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ከተንቀሳቀሰ አገጣጠሙ ትክክል ነው።

ጥያቄ፦ መለኪያ ማይክሮፎን የለኝም። መሣሪያዬ ገለልተኛ መሆኑን በጆሮዬ ብቻ እንዴት ላውቅ እችላለሁ? የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ እውነተኛው የትኛው እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ የጥያቄዎ ሁለተኛ ክፍል የመጀመሪያውን ይመልሰዋል። የኤሌክትሪክ ጊታርና ሲንተሳይዘር ከስፒከር ውጭ ሌላ ድምፅ ስለሌላቸው ለምስክርነት አይበቁም። ከልጅነትዎ ጀምሮ ያለ ስፒከር የሰሙት የሰው ንግግር ነውና በእርሱ ይፈትኑ። የእንግሊዙ ቢቢሲ መሐንዲሶች ለስቱዲዮ የሚሆኑ ስፒከሮችን ሲያበጁ፣ የተናጋሪን ድምፅ በአካል ከመስማት ጋር እያስተያዩ ይፈትኑ የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው። እርስዎም በደንብ የሚያውቁትን ሰው ለስላሳ ዕቃ በበዛበት ክፍል ውስጥ፣ በስልክ ሳይሆን በደኅና ማይክሮፎን ይቅረጹት። ቀጥሎም ሰውዬውን ከስፒከሩ አጠገብ አቁመው አንዴ ራሱን፣ አንዴ ቀረጻውን በተመሳሳይ ጉልህነት ያዳምጡ።

ምን ልስማ ካሉ፣ የወንድ ድምፅ መሠረቱ 100 ሄርዝ አካባቢ ስለሆነ፣ በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚናገር ከመሰለ በዚያ አካባቢ ያበጠ ነገር አለ። አፍንጫውን ይዞ የሚናገር ከመሰለ ጥፋቱ በመካከለኛው ክፍል ነው። ሰ እና ሸ የሚያፏጩ ከሆነ ከ5,000 ሄርዝ ወዲያ ያለው በዝቷል፤ ሁለቱ ፊደላት እስኪምታቱ የደነዘዙ ከሆነ ደግሞ አንሷል። የእኛ ቋንቋ ለዚህ ፈተና ተጨማሪ ጸጋ አለው፤ ጠ፣ ጨ፣ ቀ እና ጰ ሲነገሩ ፈንድተው ወዲያው የሚቆሙ ድምፆች ስለሆኑ መሣሪያው በቶሎ ጀምሮ በቶሎ ማቆም መቻሉን ያጋልጣሉ። «ጠጠር»፣ «ቀጨኔ»፣ «ጨለጠ» የሚሉት ቃላት ጫፋቸው ተድበስብሶ ከመጣ ወይ ስፒከሩ ይንተባተባል፣ ወይ ክፍሉ ያስተጋባል። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ወደ ስፒከሩ አንድ ሜትር ያህል ይጠጉና ያዳምጡ፤ ከቀረቡ በኋላ ከጠራ ጥፋተኛው ክፍሉ ነው።

ሁለት ስፒከሮችን ሲያወዳድሩ ከሁሉ አስቀድመው የድምፃቸውን መጠን እኩል ያድርጉ። በጥቂቱ ከፍ ብሎ የሚጫወተው፣ ከፍ ማለቱ ሳይታወቅ «የተሻለ» ሆኖ ስለሚሰማ፣ ይህ ያልተደረገበት ውድድር ዋጋ የለውም። ቢቻል ሌላ ሰው ይቀያይርልዎ፤ እርስዎ የትኛው እንደሚጫወት አይወቁ።

ጥያቄ፦ ቤዝና ትሬብል ማስተካከያ መንካት ገለልተኛነትን ያበላሻል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ቀረጻዎቹ ራሳቸው ገለልተኛ ቢሆኑ ኖሮ እውነት ይሆን ነበር። ዘፈን የሚያቀናብረው ባለሙያ ሚዛኑን የሚያወጣው በስቱዲዮው ስፒከር እያዳመጠ ነው፤ ያ ስፒከር ቤዝ የሚያንሰው ከሆነ ባለሙያው ሳያውቅ ቤዝ ይጨምራል፣ የእርስዎ ትክክለኛ መሣሪያም ያንን ስሕተት በታማኝነት ያደርስልዎታል። ከዚህም ሌላ በ1982 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ሲዲ በለሆሳስና በጩኸት መካከል 96 ዴሲቤል ያህል ስፋት መያዝ ሲችል፣ ብዙ ቀረጻዎች ጎልተው እንዲሰሙ ሲባል ከዚያ ውስጥ በጣም ጠባቡን ክፍል ብቻ ተጠቅመው ተጨምቀው ይወጣሉ። የተጨመቀውን ምንም ማስተካከያ አይመልሰውም፤ የተዛባ ሚዛንን ግን 2 ወይም 3 ዴሲቤል በመጨመር ወይም በመቀነስ ማቅናት ይቻላል፣ እኔም ሳላመነታ አደርገዋለሁ። ቅድሚያ ስፒከሮቹና መቀመጫው ማስተካከያው ዜሮ ላይ ሆኖ ቦታቸውን ይያዙ፤ ከዚያ ወዲህ የሚነኩት ለአንዱ ቀረጻ ብቻ ይሁን፣ ቀጣዩን ከመክፈትዎ በፊትም ቁልፉን ወደ ዜሮ ይመልሱት።